ጋኔኑን ገደልኩት፣ «ዲ» ሰጡኝ

ሰው በጌም ተሸንፎ ቢናደድ ያለ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሳሸንፍ ነው።

ዴቪል ሜይ ክራይ 5 የሚባል ጌም ይዞኛል። አጋንንቱን አንድ በአንድ እጨርሳቸዋለሁ። መንገዱ ይከፈታል። ምዕራፉ ያልቃል። «ተመስገን» ብዬ ጆይስቲኩን ሳላስቀምጥ ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ፊደል ዱብ ይላል። ዲ። ሲቀናኝ ሲ። እንዴ! ገደልኩት እኮ። ሞቶ የለ እንዴ? ጌሙ ግን መሞቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። «እንዴት አድርገሽ ገደልሽው?» ነው ጥያቄው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ጌሙ ስታይሊሽ አክሽን ከሚባለው ዘር ነው። በሌላ ጌም ጠላትህን ከጣልክ ጨረስክ። እዚህ ግን በስክሪኑ ቀኝ በኩል ፊደል አለ፤ እየተዋጋህ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዲ ይነሳና ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤስ እያለ እስከ ሦስት ኤስ ይዘልቃል። የተለያየ ምት ካፈራረቅክ ይወጣል። አንዱን ምት ከደጋገምክ ይገተራል። ከተመታህ ይወርዳል። ቆመህ ካሰብክም ይወርዳል። የሚያንገበግበኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። ማሰብ የሚያስቀጣ ጨዋታ አይቼ አላውቅም።

ይባስ ብሎ ዘፈኑም ያሳጣሃል። ፊደሉ ታች ሲሆን ሙዚቃው መግቢያው ላይ ይንገዋለላል። ፊደሉ ኤስ ሲገባ አዝማቹ ይፈነዳል። እኔ ቤት አዝማቹ የሚሰማው በስንት አንዴ ነው። ጎረቤቶቼ መግቢያውን በቃላቸው ሳይዙት አይቀሩም። «ይቺ ልጅ ዛሬም አልሆነላትም» ይሉ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ፕሌይስቴሽን 4ቱ የታናሽ ወንድሜ ነው። ባሕር ዳር ሥራ ሲያገኝ «አቧራ እንዳይበላው» ብሎ ለኔ ተወልኝ። አብረውት ሁለት ዲስኮች ነበሩ። አንዱ ኳስ ነው፣ ሌላው ይኼ። ኳሱን ድሮም እጫወት ነበር። ወንድሜን በሜዳውም ከሜዳው ውጪም አሸንፌዋለሁ፤ ከፈለገ ይካድ። እኛ ከተማ ጌም ቤት ብትገባ የምታየው ኳስ ብቻ ነው። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ አለቀ። 3 ለ 1 ካሸነፍክ አሸነፍክ። «ጎሎቹ አላማሩኝም» ብሎ ነጥብ የሚቀንስብህ የለም።

ጣጣዬም የሚጀምረው ከዚያው ከኳስ ነው። ጣቶቼ በኳስ የሠለጠኑ ናቸው። ስትከላከል ኤል ዋንን ነካ ካደረግክ ተጫዋች ይቀየርልሃል። ዓመታት ሙሉ ሳላስበው ስነካው የኖርኩት ቁልፍ ነው። እዚህ ጌም ላይ ኤል ዋን ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? እጅህን ያፈነዳል።

እውነቴን ነው። ኔሮ የሚባለው ልጅ ቀኝ እጁ ተቆርጧል። በምትኩ ዴቪል ብሬከር የሚባል የብረት እጅ ይገጥማል። እጆቹ ዓይነት ዓይነት ናቸው። ኦቨርቸር የሚባለው ኤሌክትሪክ ይለቃል። ፓንች ላይን የሚባለው ቡጢው ከክንዱ ተነቅሎ ይበራል፤ ካሰኘህም ላዩ ላይ ቆመህ ትጋልበዋለህ። ኒኮ የምትባል ወሬኛ መካኒክ አለች። ስልክ ስትደውልላት በቫኗ ከተፍ ትላለች፣ አዳዲስ እጅ ሠርታ በቀይ ኦርብ፣ በጌሙ ገንዘብ ማለት ነው፣ ትሸጥልሃለች። እስካሁን ደስ ይላል። አሁን ነገሩን ስሙት። እጆቹን እንዳሻህ አታቀያይራቸውም። ፊት የተገጠመው ካልተሰበረ ቀጣዩ አይወጣም። ኤል ዋን ደግሞ ያንን ፊት ያለውን አፈንድቶ የሚጥል ቁልፍ ነው። ለጭንቅ የተሠራ ነው፤ ጋኔን አንቆ ሲይዝህ እጁን አፈንድተህ ታመልጣለህ። እኔ ግን ጠላት ከጎን በመጣ ቁጥር ጣቴ «ተከላካይ ቀይሪ» ይለኛል። ዷ! አንድ እጅ። ዷ! ሌላ እጅ። ማንም ሳይነካኝ የገዛሁትን እጅ ሁሉ ጨርሼ በባዶ ክንድ እቀራለሁ። ኦርቡ የት ሄደ ብትሉ፣ እዚያ ነው የሄደው።

ከእጁ የባሰው አቅጣጫው ነው። አር ዋንን ይዘህ አንዱን ጠላት ታነጣጥርበታለህ። ከዚያ ወደ ፊት ገፍተህ ትሪያንግልን፣ የሰይፉን ቁልፍ፣ ስትመታ ኔሮ ተወርውሮ ይመትረዋል፤ ስትሪክ ይባላል። ወደ ኋላ ስበህ ትሪያንግልን ስትመታ ጠላቱን ወደ ላይ ያጉነዋል። ሲነገር ቀላል ነው። ግን «ወደ ፊት» ማለት ወደ ጠላቱ ማለት ነው እንጂ ወደ ስክሪኑ ላይኛው ጫፍ ማለት አይደለም። ጠላቱ ይዞራል። ካሜራው ይዞራል። እኔም እዞራለሁ። አሁን ፊት የነበረው ኋላ ሆኗል። ልመትረው ስል አጉነዋለሁ። ላጉነው ስል ባዶ አየር እመትራለሁ። እሱ ደግሞ ከጀርባዬ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፣ የተባረከ።

ሰይፉም ጤነኛ ሰይፍ አይደለም። ሬድ ኩዊን ነው ስሟ፣ እጀታዋ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል ነዳጅ የሚሰጥ ነገር አላት። ኤል ቱን ስትጫን ታጓራለች፣ ትግላለች፣ ቀጣዩ ምት ይበረታል። ይኼ ተራው ሰው የሚያደርገው ነው። ጎበዞቹ ሰይፉ ልክ በሚያርፍባት ቅጽበት ኤል ቱን ነካ ያደርጋሉ፤ ያኔ ቆመው ሳያስጓሩ ሰይፉ ራሱን ይሞላል። በየምቱ ማለት ነው። እየዘለልክ፣ እየሸሸህ፣ እጅህን እንዳታፈነዳ እየተጠነቀቅክ፣ በየምቱ። ወንድሜን በስልክ ጠየቅኩት።

«ቀላል ነው እታለም። ሲያርፍ ንኪው፣ በቃ።»

«መቼ እንደሚያርፍ በምን አውቃለሁ?»

«ይሰማሻል።»

የቻለ ሰው መልስ ሁሌ እንዲህ ነው። ይሰማሻል! እኔ የሚሰማኝ የጣቴ ሕመም ነው። ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ጋቢ ተከናንበህም ጣትህ ይደነዝዛል፤ ቅጽበት መያዝ ቀርቶ ቁልፍ መንካትህንም ትጠራጠራለህ። እሱም ቢሆን መብራቱ ካለ ነው። ጎሊያድ የሚባል ሆዱ ላይ አፍ ያለው ግዙፍ ጋኔን አለ። ሞቱ አፋፍ ላይ አድርሼው መብራት ድርግም አለ። መብራቱ ሲመጣ እሱ ሙሉ ጤንነቱ ተመልሶለት ጠበቀኝ። እኔ ግን አልተመለሰልኝም።

ወንድሜ ብልሃት ከመንገር ታሪክ ማውራት ይቀናዋል። ጌሙን የሠራው ካፕኮም የተባለው የጃፓን ድርጅት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የወጣው፣ አሁን እኔ የያዝኩት አምስተኛው ደግሞ በ2019። የመጀመሪያውን የመራው ሂደኪ ካሚያ ነው። ሲጀመር ዴቪል ሜይ ክራይ ሊሆን አልነበረም፤ ሬዚደንት ኢቭል የሚባለው ሌላ ጌም አራተኛ ክፍል ሆኖ ነበር የተጀመረው። መንገዱን ስለሳተ ሌላ ስም ሰጡት። በአየር ላይ ጠላትን እየቀለቡ መምታት የሚባለው የጌሙ መለያም የመጣው ከብልሽት ነው። ካፕኮም ኦኒሙሻ የሚባል ሌላ ጌም እየሠራ ሳለ ጠላቶቹ በሰይፍ ሲመቱ አየር ላይ እየተንሳፈፉ የሚቀሩበት ስህተት ተገኘ። ለኦኒሙሻ ስህተት የነበረውን ካሚያ አየውና ለራሱ ጌም ወሰደው።

«እና እኔ ዲ የማገኘው የሌላ ጌም ብልሽት ስላልቻልኩ ነው?» አልኩት።

«አመስግኚ» አለኝ። «ሦስተኛውን ብታዪ ምን ልትሆኚ ነው?» ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አሜሪካ ሲገባ፣ ጃፓኖች «ከባድ» ብለው የሚጫወቱትን ደረጃ እዚያ «መደበኛ» ብለው ሸጡት። ሰው መደበኛ ነው ብሎ ገብቶ ተቀጠቀጠ። በዓመቱ የወጣው ልዩ እትም ነው ያስተካከለው። ሊያጽናናኝ ነው የነገረኝ። እኔ ግን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እነዚህ ሰዎች ጀማሪን የሚያስቡት ከጮኸ በኋላ መሆኑን ነው።

ከሰው ሁሉ ነገሩ ቶሎ የገባቸው አንድ ሰው ናቸው። ያውም ጌም ነክተው የማያውቁ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ናቸው። ቅኔ የተማሩት ደብረ ኤልያስ ነው። ከአጎትነታቸው ይልቅ መሪጌትነታቸው ስለሚበልጥ ዘመዱ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እኛ ጋ ነው የሚጠጡት። አንድ እሑድ እኔ እየተጫወትኩ ገቡ። ላጠፋው ስል «ተይው፣ ተይው» ብለው ቁጭ አሉ።

«ምንድን ነው ይኼ ቀንዳሙ?»

«ጋኔን ነው፣ የኔታ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ገዳዩ ነኝ።»

«በስመ አብ ብትዪበት አይጠፋም?»

«እሱ ቁልፍ የለውም፣ የኔታ።»

ሳቁ። ቡናቸውን እየጠጡ ዝም ብለው አዩ። ጨረስኩ፤ ፊደሉ ዱብ አለ።

«ምን አለሽ?»

«ዲ አለኝ። የመጨረሻው ዝቅተኛ።»

«ገድለሽው የለም እንዴ?»

«ገድየዋለሁ። ግን አንድ ምት ደጋግመሻል ነው የሚለኝ። በየጊዜው አዲስ ማምጣት አለብኝ።»

የኔታ ሲኒውን አስቀመጡ። ፊታቸው በራ። «እንግዲያውማ ቅኔ ነዋ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጌሙ ቀረና ጨዋታው የእሳቸው ሆነ። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ይወጣል፣ ጫካም ሜዳም ውሎ ቅኔውን ይቆጥራል። ማታ ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ቢሞላ፣ ሰዋስዉ ባይፋለስ፣ ሰሙና ወርቁ ቢገጥም እንኳ ትናንት የተባለ ከሆነ ዛሬ ቅኔ አይባልም። ለዛሬ የዛሬውን ማምጣት ነው። የኔታ በተማሪነታቸው አንበሳ የሚወድ ጓደኛ ነበራቸው። ጉባኤ ቃና ቢቆጥር አንበሳ፣ ዘአምላኪየ ቢቆጥር አንበሳ፣ መወድስ ሲደርስም አንበሳ። መምህሩ ችለው ችለው አንድ ማታ፣ «ልጄ፣ ለዛሬ አንበሳህን እሰርና ና» አሉት። ልጁ አንበሳውን አስሮ ለመምጣት ብዙ ሰነበተ። ሲመጣ ግን ጉባኤው ተነሥቶ አጨበጨበለት ይላሉ፤ ማጨብጨቡን የኔታ ትንሽ ጨምረውበት ይሆናል።

«ያንቺ አንበሳ የቱ ነው?» አሉኝ።

ማሰብ አላስፈለገኝም። ስትሪክ ነው። ተወርውሮ መመተር። ሲጨንቀኝ ስትሪክ፣ ሲደላኝ ስትሪክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ ጌሙን ሲያዩ «አንበሳሽ ተፈታ!» ይላሉ፣ እኔም እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም ልክ ናቸው።

ግን የኔታን የተከራከርኳቸው ነገር አለ፤ አሁንም አቋሜ ነው። የቅኔ ቤት ልጅ እኮ መምህር አለው። ጀማሪው የሚቆጥረው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃናን ነው፤ መጀመሪያ ቤቱ ይሙላ እንጂ ምስጢሩ ቢሳሳ የሚገርፈው የለም። ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ሲበላሽበት መምህሩ «እዚህ ጋ ቤቱ ጎድሏል፣ እዚህ ጋ ምስጢሩ ሸሽቷል» ብለው ያርሙታል። የኔ ጌም ፊደል ይሰጣል እንጂ ምክንያት አይሰጥም። ዲ ነሽ ይለኛል። በምን? ዘገየሁ? ደገምኩ? ተመታሁ? ምዕራፉ ሲያልቅ ነጥብ ተደርድሮ ይመጣል፤ ይኼን ያህል ቁጥር እዚህ፣ ያን ያህል እዚያ። ቁጥር እርማት አይደለም።

አጀማመሩን ብቻ ተመልከቱ። ገና መግቢያው ላይ ዩሪዘን ከሚባለው የአጋንንት ንጉሥ ጋር ያገናኝሃል። ቁልፎቹን ገና አላወቅክም። ጋሻ አለው፣ ያንተ ምት ጋሻውን አይፍቀውም። ላብ በላብ ሆኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ያለኝን ሁሉ ጨርሼ ሞትኩ። ታሪኩ ቀጠለ። ለካ እንድትሸነፍ ነው የተጻፈው! ይኼን የነገረኝ የለም። ይልቁንም የቆየ ተጫዋች ዩሪዘንን እዚያው መግቢያው ላይ ካሸነፈው ጌሙ ባጭሩ ተቀጭቶ የተለየ መጨረሻ ያሳየዋል። አያችሁ፣ መግቢያው ራሱ የተዘጋጀው ጌሙን ለሚያውቀው ሰው ነው። ቀልዱ ለእሱ ነው፣ እኔ ቀልዱ ውስጥ ነኝ።

የኔታ ይኼን ስነግራቸው «መምህር የሌለው ተማሪ ትዕቢተኛ ይሆናል ወይም ይሸሻል» አሉኝ። እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ፣ እንደ ቀኑ።

ከገጸ ባሕርያቱ ለየኔታ የተመቻቸው ቪ ነው። ቪ ቀጭን ነው፣ ገላው በንቅሳት የተሸፈነ፣ ከዘራ ይዞ የሚሄድ። ራሱ አይዋጋም። ግሪፎን የሚባል ወሬኛ አሞራ መብረቅ ይተፋለታል፣ ሻዶው የሚባል ጥቁር ግስላ ይቦጫጭቅለታል፣ ሲጨንቀው ናይትሜር የሚባል ግዙፍ ፍጡር ከሰማይ ይወርድለታል። እሱ ዳር ቆሞ መጽሐፍ ገልጦ ያነባል፤ ሲያነብ ኃይል ይሞላለታል። ጠላቶቹ ሲዳከሙ ብቻ መጥቶ በከዘራው ይጨርሳቸዋል።

የኔታ ገና መጽሐፉን ሲያዩ ተነሥተው ተቀመጡ። «ደብተራ ነው ይኼ!» አሉ። «ጋኔን ጎታች ነው! እኔ የማላውቀው መሰለሽ?» ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «መጽሐፉ ግን ምን ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። የእንግሊዛዊው ገጣሚ የዊልያም ብሌክ ግጥም እንደሆነ ነገርኳቸው። «ባለቅኔ ነዋ» ብለው ይቅር አሉት።

በቪ ነው የመጀመሪያዬን ኤስ ያገኘሁት። ልደሰት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ያደረግኩት ሌላ አይደለም፣ ካሬንም ትሪያንግልንም ባንድ ላይ መደብደብ ብቻ ነው። አሞራው ይተፋል፣ ግስላው ይቦጭቃል፣ እኔ የት እንዳለሁ እንኳ አላይም። ፊደሉ ግን ሽቅብ! በኔሮ አንድ ምሽት ሙሉ ለፍቼ ሲ፣ በቪ ዓይኔን ጨፍኜ ኤስ። ወንድሜ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ጻፈልኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ለምን እንደተሰጠኝ የማላውቀው ኤስ፣ ለምን እንደተሰጠኝ ከማላውቀው ዲ በምን ይሻላል?

ከኔሮ ጋር ቀስ በቀስ መግባባት ስንጀምር ደግሞ ዳንቴ መጣ። ምዕራፍ 10 ላይ። ዳንቴ የጌሙ አባወራ ነው፣ ከመጀመሪያው ከ2001 ጀምሮ ያለ። ሲመጣ አራት ስታይል ይዞ ነው የመጣው። ትሪክስተር ይሸሻል። ሶርድማስተር ሰይፉን ያበዛል። ገንስሊንገር ሽጉጡን ያበዛል። ሮያልጋርድ ምት በሚያርፍባት ቅጽበት መክቶ፣ የመከተውን ኃይል አጠራቅሞ ይመልሳል። አራቱም በጆይስቲኩ አራት ቀስቶች ላይ ናቸው፣ ውጊያ መሀል ትቀያይራለህ። ክቡ ቁልፍ በየስታይሉ የተለየ ነገር ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ መሣሪያው! ሰይፍ፣ የሚነድ ቡጢ፣ ለሁለት ተከፍሎ መጋዝ የሚሆን ሞተር ሳይክል። ባርኔጣም አለ፤ ኦርብህን እየበተነ የሚዋጋ። ባርኔጣውን ሲያገኝ ቆሞ ይጨፍራል፣ እሱን እንኳ ወድጄዋለሁ። ሞተር ሳይክሉን ያየ የሠፈራችን ልጅ ግን ከኔ በላይ ተደሰተ። እኔ የኔሮን አንድ እጅ ማዳን አቅቶኝ ሳለ አራት ሰው በአንድ ሰው ሰጡኝ።

አንድ የረባ ነገር ልንገራችሁ፣ ምሬት ብቻ እንዳይሆን። ሜኑው ውስጥ ቮይድ የሚባል ነጭ ባዶ ቦታ አለ። መለማመጃ ነው። ጠላቱ እንዳይሞት ታደርገዋለህ፣ እንዳይመታህ ታደርገዋለህ፣ ፊደሉ ቢወርድም ቢወጣም ማንም አይሰማም። እዚያ ገብቼ አንበሳዬን አሰርኩ። ስትሪክ ክልክል። መጀመሪያ ባዶዬን ቀረሁ፤ ሌላ የማውቀው ምት የለማ። ከዚያ የችሎታ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመርኩ። ይኼን ጊዜ ነው ያገኘሁት። ትሪያንግልን ተከታትለህ ከመታህ አንድ ዓይነት ምት ነው። ሁለት መትተህ ትንሽ ካረፍክና እንደገና ከቀጠልክ ግን ሌላ ምት ይወጣል። አንዴ መትተህ ካረፍክ ደግሞ ሌላ። ዕረፍቱ ራሱ ቁልፍ ነው! ቆሞ ማሰብ የሚያስቀጣው ጌም ቅንጣት ያህል ቆም ማለትን ግን ይሸልማል። እንዲህ ያለውን ነገር መግቢያው ላይ አይነግሩህም። የሚነግሩህ ትሪያንግል ሰይፍ መሆኑን ነው። ትሪያንግል ሰይፍ መሆኑንማ ነካክቼም አገኘው ነበር።

ቮይድ ውስጥ ኤል ዋንም ተገራ። ጠላቱ ከጎን ሲመጣ አውራ ጣቴን ኤክስ ላይ አድርጌ መዝለል ለመድኩ። እጅ ማፈንዳቱ ቀነሰ። አሁን የሚፈነዳው በራሴ ፈቃድ ነው፣ ማለቴ አብዛኛውን ጊዜ። የሚገርመው ኳስ ላይ ነው የተበላሸሁት፤ ወንድሜ ለገና መጥቶ ስንጫወት ተከላካይ መቀየር እየረሳሁ አራት ጎል ገባብኝ። ተዘባበተ። ይዘባበት።

ቢ አዘውትሬ አገኛለሁ። ኤ አልፎ አልፎ። አዝማቹን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፣ በኔሮ ማለቴ ነው፣ በደብተራው አይደለም።

አሁን የያዘኝ ፉሪ የሚባል እንሽላሊት ነው። አለ ስትል የለም። ከፊትህ ብን ብሎ ከኋላህ ይቦጭቅሃል። ሰይፍህን መሰንዘር ያለብህ እሱ በሚሰነዝርባት ቅጽበት ነው፤ ከቀደምክ ባዶ ነው፣ ከዘገየህ ተቦጭቀሃል። ወንድሜን ጠየቅኩት፣ ይሰማሻል አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ባለፈው እሑድ የኔታ ቡናቸውን ይዘው ብዙ አዩት። ሞትኩ። ተነሣሁ። ሞትኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼ ዓይነቱስ ያለ ጾምና ጸሎት አይወጣም።»